በአንድ ሺህኛ ሰከንድ የሚሰጥ ተራ

ጥር 10፣ የከተራ ዕለት አመሻሹ ላይ ጃንሜዳ ሰው በሰው ላይ ይሆናል። ታቦታቱ ሲገቡ የቀረጸውን ቪዲዮ ለዘመድ ለመላክ የሚሞክር ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል፤ የስልኩ የኔትወርክ ምልክት ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን ንቅንቅ አይልም። አብዛኛው ሰው "ኔትወርክ የለም" ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከተዋል። ኔትወርኩ ግን አለ፤ እንዲያውም በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው። በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሚለኩት የታወሩ ሲግናል ምን ያህል በርትቶ እንደሚደርስ ነው። ከዚያው ታወር ስንት ሰው ወረፋ እንደያዘ አይለኩም።

ይህን ወረፋ የሚያስተናግደው ሥርዓት በሙያው ቋንቋ የራዲዮ ሀብት ምደባ ይባላል። ጥያቄው አንድ ነው፦ የተወሰነ ሞገድ ለብዙ ፈላጊ እንዴት ይዳረስ? መልሱ ግን በአራት እርከን ይሰጣል። መንግሥታት በዓለም አቀፍ ጉባኤ ይስማማሉ፤ ኩባንያዎች ከመንግሥት ይወስዳሉ፤ ታወሮች እርስ በርስ ይጋራሉ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ታወር ለስልኮች ያድላል። የመጀመሪያው ውሳኔ ለአሥርተ ዓመታት ይጸናል፣ የመጨረሻው ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ። ፓርላማውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ጋዜጣውም የሚከራከሩት ስለ ላይኞቹ እርከኖች ነው። ማን ቀድሞ ማን እንደሚጠብቅ የሚለየው ግን ታች ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚመለከት የሕዝብ ዐይን የለም።

ለመሆኑ ሞገድ ለምን ያጥራል? ተጠቅመውበት አያልቅ፣ አይቀንስ። ችግሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲልኩ አንዱ የሌላውን ማበላሸቱ ነው። አሜሪካዊው ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአንድ መስመር አቅም በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን አሳየ፤ በባንዱ (በሚጠቀምበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ስፋትና ሲግናሉ ከጫጫታው በሚልቅበት መጠን። ሲግናሉ እንደተጠበቀ ባንዱን እጥፍ ማድረግ አቅሙን እጥፍ ያደርገዋል። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ግን ሲግናሉ ቀድሞም ጥሩ በሆነበት ቦታ የሚጨምረው ለእያንዳንዱ ኸርዝ በሰከንድ አንድ ቢት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የቴሌኮም ኩባንያ ሦስት መንገድ አለው፦ ተጨማሪ ባንድ ማግኘት፣ ታወር ማብዛት፣ ወይም ያለውን በብልሃት ማከፋፈል።

የአገራቱ ክፍፍል የተጀመረው በመርከብ ራዲዮ ነው። በ1906 መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የራዲዮ ቴሌግራፍ ስምምነት ፈረሙ። በ1912 ታይታኒክ ሰጥማ ወራት ሳይቆጠሩ አሜሪካ ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ዛሬ ሥራውን የሚመራው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ኅብረቱ ዓለምን በሦስት ቀጣና ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገራት ጋር በአንደኛው ቀጣና ትገኛለች። ጉባኤው በየሦስትና አራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ቀላል አይደለም። በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ በተደረገው ጉባኤ ለአንደኛው ቀጣና ከ6425 እስከ 7125 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ለሞባይል ተለየ። አሜሪካ ግን ከጉባኤው ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ይህንኑ ባንድ ጨምሮ 1200 ሜጋኸርዝ በሙሉ ለዋይፋይ ክፍት አድርጋ ነበር። አንዱ ወገን ሞገዱ ባለቤት እንዲኖረው መረጠ፣ ሌላው ለሁሉም ለቀቀው።

ሞገድ ወደ ኩባንያዎች የሚተላለፍበት መንገድ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ጥፋትም በዝቶበታል። ለረጅም ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ ማመልከቻ አወዳድሮ "ለሕዝብ ይበልጥ ይጠቅማል" ለተባለው መስጠት ነበር። ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ በ1959 ሞገድ ለምን በዋጋ አይሸጥም ብሎ ሲጽፍ ሐሳቡ እንደ ቀልድ ታየ፤ ቀርቦ እንዲያስረዳ በተጠራበት የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፊትም የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ሁሉ ቀልድ ነው ወይ የሚል ነበር። ኮዝ በ1991 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ሞገድ በጨረታ የተሸጠው ግን አሜሪካ ዕጣን ከሞከረች በኋላ ነው። በ1980ዎቹ የሞባይል ፈቃድ በዕጣ ይወጣ ስለነበር ከስልክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ አመለከቱ። ኬፕ ኮድ በተባለው አካባቢ ዕጣው የደረሳቸው የጥርስ ሐኪሞች ፈቃዳቸውን ለአንድ የስልክ ኩባንያ በ41 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። የሕዝብ የነበረው ሀብት የሐኪሞቹ ሆኖ አረፈው።

ጨረታም ቢሆን ሕጉ በደንብ ካልተነደፈ ዋጋ የለውም። ኒውዚላንድ በ1990 አሸናፊው የሁለተኛውን ተጫራች ዋጋ ብቻ እንዲከፍል የሚል ደንብ አውጥታ ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ ሳታስቀምጥ ቀረች። 100,000 የኒውዚላንድ ዶላር ያቀረበ ኩባንያ 6 ዶላር ከፍሎ ሞገዱን ወሰደ። ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰን ለአሜሪካ የነደፉትና በ1994 ሥራ ላይ የዋለው ጨረታ ሁሉም ፈቃዶች በአንድ ጊዜ፣ በብዙ ዙር፣ በግልጽ ዋጋ እንዲሸጡ አደረገ፤ ሁለቱ ሰዎች በ2020 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ መሰል ሥራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደ። በ2000 ብሪታንያ ከ3ጂ ጨረታ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ስትሰበስብ ጀርመን ወደ 50 ቢሊዮን ዩሮ ሰበሰበች፤ ጀርመን ውስጥ ካሸነፉት መካከል ኔትወርኩን ሳይዘረጉ የቀሩ ነበሩ። ሕንድ በበኩሏ በ2008 ቀድሞ ለመጣ እየተባለ በርካሽ የታደሉ 122 ፈቃዶች በ2012 በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሲሰረዙ አየች።

ኢትዮጵያ ወደዚህ መድረክ የገባችው ዘግይታ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (በአዋጁ ቁጥር ያለው ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ተቋቋመ። በግንቦት 2021 ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ ተሰጠው፤ ተፎካካሪው ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ነበር። አዲሱ ኩባንያ በጥቅምት 2022 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። በሕዝብ ዘንድ ጎልቶ የተሰማው የዋጋውና የፉክክሩ ወሬ ነበር። የቴክኒኩ ትርጉም ግን ሌላም ነገር ነበረው፤ ቀድሞ በኢትዮ ቴሌኮም ብቻ የተያዘው ሰማይ ለሁለት ተከፈለ። ፉክክሩ ለተጠቃሚው ጥሩ ነው። ይሁንና የሞገድ ባለቤትነት የተከለለ በመሆኑ የአንዱ ኩባንያ ታወር ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ እንኳ የሌላው ደንበኛ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት ግማሽ ባንዶች ተነጥለው የሚያስተናግዱት ሰው አንድ ሙሉ ባንድ ከሚያስተናግደው ያንሳል፤ ይህ የወረፋ ሒሳብ ነውና ማንም ኩባንያ ሊያመልጠው አይችልም።

ሦስተኛው እርከን የታወሮች ጉርብትና ነው። የቤል ላብራቶሪው ዳግላስ ሪንግ በ1947 ከተማን በስድስት ማዕዘን ሴሎች ከፍሎ ያው ፍሪኩዌንሲ ራቅ ባለ ሴል እንዲደገም ሐሳብ አቀረበ። በ2ጂ ዘመን መሐንዲሶች ካርታ ዘርግተው ጎረቤት ታወሮች ተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ እንዳይዙ ሲደለድሉ ይውሉ ነበር። ሒሳቡ ካርታን በጥቂት ቀለማት ከመቀባት ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን ታወሩ ሲበዛ ለኮምፒውተርም አዳጋች ነው። 3ጂ ይህን ድልድል ጥሎ ሁሉም ስልክ በአንድ ባንድ ላይ እንዲያወራ ፈቀደ፤ በምትኩ ታወሩ በሰከንድ 1500 ጊዜ "ድምፅህን ቀንስ፣ ጨምር" እያለ የእያንዳንዱን ስልክ ኃይል ይገራል። እንዲህ ባይሆን ታወሩ ሥር የቆመ አንድ ስልክ የሩቁን ሁሉ ይውጠው ነበር። 4ጂም በየታወሩ ያንኑ ባንድ ይደግማል። ጉዳቱ በሁለት ታወር ድንበር ላይ ለሚኖር ሰው ነው፤ ከሁለቱም ሲግናል ይደርሰዋል፣ አንዱ አገልግሎት ሲሆን ሌላው ጫጫታ ነው።

ነገሩ የሚበስለው አራተኛው እርከን ላይ ነው። የ4ጂ ታወር 20 ሜጋኸርዝ ባንድ ካለው ባንዱ በ100 ብሎክ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ብሎክ 180 ኪሎኸርዝ ይሰፋል። ድልድሉ በየአንድ ሺህኛ ሰከንዱ እንደ አዲስ ይወጣል። ታወሩ ላይ ያለው ስኬጁለር የሚባል ሶፍትዌር በዚያች ቅጽበት የትኛው ብሎክ ለየትኛው ስልክ እንደሆነ ይወስናል። በመስኖ አካባቢ የውሃ አባት ለየማሳው ተራ እንደሚያወጣ መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ የውሃ አባትን ገበሬዎቹ መርጠውታል፤ ተራውም በአደባባይ ይታወቃል፤ በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ፊት ለፊት ይሟገተዋል።

ስኬጁለሩ ምን እንደሚመዝን ለማየት ሁለት ስልኮችን ብቻ ማሰብ ይበቃል። እያንዳንዱ ስልክ የሲግናሉን ጥራት ከ0 እስከ 15 በሚደርስ ነጥብ ለታወሩ በየጊዜው ሪፖርት ያደርጋል። አንዱ ከታወሩ ፊት ለፊት ካለ ካፌ በረንዳ 15 ሪፖርት አደረገ። ሌላው በሴሉ ዳር፣ ቆርቆሮው ሲግናሉን በሚመልስበት ቤት ውስጥ ሆኖ 3 ሪፖርት አደረገ። በ4ጂ ደረጃ ሠንጠረዥ መሠረት 15 ነጥብ ያለው ስልክ በአንድ ምልክት 5.55 ቢት ይሸከማል፤ 3 ነጥብ ያለው 0.38 ቢት። በአንድ አንቴና፣ ለቁጥጥር የሚሄደው ሳይቀነስ፣ መቶውንም ብሎክ ቢይዝ የካፌው ስልክ በሰከንድ 93 ሜጋቢት ያወርዳል፤ የቆርቆሮ ቤቱ ስልክ ያንኑ ሁሉ ብሎክ ቢሰጠው ከ6 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም።

አሁን ፍርዱ ይምጣ። የታወሩ ጠቅላላ ምርት ይብለጥ ከተባለ ብሎኩ ሁሉ ለካፌው ነው፤ 93 ለዜሮ። ጊዜውን እኩል ይካፈሉ ከተባለ ካፌው 47፣ ቆርቆሮ ቤቱ 3 ያገኛሉ፤ ድምሩ 50። ፍጥነታቸው እኩል ይሁን ከተባለ ደግሞ ከመቶው ብሎክ 94 ያህሉ ለቆርቆሮ ቤቱ ሄዶ ሁለቱም ለየራሳቸው 6 ሜጋቢት ገደማ ይይዛሉ፤ ድምሩ 12። ታወሩ ያው፣ ባንዱ ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። ከ93 ወደ 12 ያወረደው የፍትሕ ትርጉም ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ ያየ ሰው የኔትወርክ ፍጥነት የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ነው ሊል አይችልም።

ዘርፉ በብዛት የተቀበለው መካከለኛ መንገድ ተመጣጣኝ ፍትሕ ይባላል። ሒሳባዊ መሠረቱን በ1997 የጣለው የካምብሪጁ ፍራንክ ኬሊ ነው፤ ኳልኮም የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ በነደፈው የዳታ ሥርዓት ላይ በተግባር ዋለ። ደንቡ በአንድ መስመር ይነገራል፦ አሁን ሊያገኝ የሚችለው ፍጥነት እስካሁን በአማካይ ካገኘው ጋር ሲነጻጸር የሚበልጥለት ስልክ ይቅደም። ሲያገኝ የቆየ ወደ ኋላ ይላል፣ የተራበ ወደ ፊት ይመጣል። ውበቱ ያለው ሲግናል በሚዋዥቅበት ጊዜ ነው። የሚራመድ ሰው ስልክ ሲግናሉ በቅጽበት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደንቡ እያንዳንዱን ሰው በራሱ ጥሩ ቅጽበት ያገለግለዋል። ኖፕና ኸምብሌት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 ያሳዩት ነገር ይህን ይደግፋል፤ ተጠቃሚው ሲበዛ ሁልጊዜ አንዱ ከፍታ ላይ ስለሚሆን ብዛቱ ራሱ የታወሩን ምርት ይጨምራል። ሆኖም ቤቱ ተቀምጦ ሲግናሉ ለማይንቀሳቀስ ሰው ደንቡ ከእኩል ጊዜ የተለየ ነገር አይሰጠውም። የቆርቆሮ ቤቱ ስልክ 3 ሜጋቢቱን ይዞ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ደንብ በየትኛውም ሕግ ውስጥ አለመኖሩ ነው። የ4ጂንና የ5ጂን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያወጣው ስሪጂፒፒ የተባለ ጥምረት ስልኩ ምን ሪፖርት እንደሚያደርግ፣ ታወሩም ድልድሉን በምን መልክ እንደሚያሳውቅ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ደንግጓል። ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ሆን ብሎ ለመሣሪያ አምራቾች ትቶታል። ኤሪክሰን፣ ሁዋዌ፣ ኖኪያና ዜድቲኢ በየፊናቸው ስኬጁለር ይሠራሉ፤ ቀመሩ የንግድ ምስጢራቸው ነው። ለፉክክርና ለፈጠራ ሲባል የተተወ ነገር መሆኑ እውነት ነው፤ በዚህም ብዙ መሻሻል መጥቷል። ዋጋው ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚዳኝበት ደንብ ለተዳኙ አለመታወቁ ነው።

ወደ ስኬጁለሩ ለመድረስ ደግሞ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ሥራ ፈትቶ የቆየ የ4ጂ ስልክ ከታወሩ ጋር ለመነጋገር ሲፈልግ ከ64 የመግቢያ ኮዶች አንዱን በዘፈቀደ መርጦ ይልካል። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት አንድ ኮድ ከመረጡ ቢያንስ አንዱ ተመልሶ ይጠብቃል። ይህ አሠራር ከሃዋይ የመጣ ቅርስ ነው። ኖርማን ኤብራምሰንና ባልደረቦቹ በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የየደሴቱን ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች አሎሃ በተባለ የራዲዮ ኔትወርክ ሲያገናኙ ማንም የፈለገ ጊዜ እንዲልክ፣ ከተጋጨ እንደገና እንዲሞክር ፈቀዱ። ሒሳቡ እንዲህ ካለው መስመር ቢበዛ 18.4 በመቶው ብቻ ለሥራ እንደሚውል ያሳያል፤ መላኪያው ጊዜ በቁርጥ ከተወሰነ 36.8 በመቶ። ከዚያ በላይ ሰው ሲጨመር ምርቱ ይወድቃል። በታላላቅ በዓላት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ያልተሳካለት ስልክ ደጋግሞ ያንኳኳል፣ ማንኳኳቱ ራሱ በሩን ይዘጋዋል።

ለዚህ የተዘጋጀው መከላከያ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ ላይ ከ0 እስከ 9 ካሉት የመዳረሻ ክፍሎች አንዱ በዕጣ ተጽፏል። ከ11 እስከ 15 ያሉት ክፍሎች ለጸጥታ ኃይሎች፣ እንደ ውሃና መብራት ላሉ የሕዝብ አገልግሎቶች፣ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞችና ለራሱ ለኩባንያው ሰዎች የተለዩ ናቸው። በቀደሙት ኔትወርኮች ጭንቅንቁ ሲበረታ ታወሩ የተወሰኑ ክፍሎች እንዳይሞክሩ ያውጃል። በ4ጂ ደግሞ ተራው ስልክ ታወሩ ባወጀው መጠን በራሱ ውስጥ ዕጣ አውጥቶ ይገባል ወይም ይታገሳል። ለአምቡላንስ መንገድ መልቀቅ የሚያከራክር አይደለም። የዕጣው አወጣጥም ከአድልዎ የራቀ ነው፤ በዚህ ረገድ ንድፉ ምስጋና ይገባዋል።

ከሞባይል ታወር በተለየ ዋይፋይ ላይ ዳኛ የለም። አሜሪካ በ1985 የተወሰኑ ባንዶችን ያለ ፈቃድ ከከፈተች በኋላ የተወለደው ይህ ቴክኖሎጂ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፣ አየሩ ዝም ካለ ይልካል። የግሬኖብል ተመራማሪዎች በ2003 አንድ ጉድ አሳዩ፦ በሰከንድ 11 ሜጋቢት በሚሠሩ ኮምፒውተሮች መካከል በ1 ሜጋቢት የሚሠራ አንድ ሩቅ ኮምፒውተር ቢገባ ሁሉም ከ1 ሜጋቢት በታች ይወርዳሉ። ዋይፋይ በእኩል ያከፋፈለው የመላኪያ ዕድልን ነበር፤ ቀርፋፋው ግን አንዴ ዕድሉን ሲያገኝ አየሩን ለረጅም ጊዜ ይዞት ይቆያል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ራውተሮች የአየር ጊዜን ማካፈል ጀመሩ፤ ዋይፋይ 6 ደግሞ የ4ጂን የብሎክ አከፋፈል ተዋሰ።

አዲሶቹ ሙከራዎች በእርከኖቹ መካከል ያለውን ግድግዳ የሚያፈርሱ ናቸው። በአሜሪካ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ የባሕር ኃይሉ ራዳር ነው፤ ራዳሩ ግን ሁልጊዜ፣ በሁሉም ቦታ አይሠራም። ስለዚህ ባንዱ በሦስት ደረጃ እንዲጋሩት ተደረገ፦ ራዳሩ ይቀድማል፣ በ2020 ወደ 4.6 ቢሊዮን ዶላር በወጣበት ጨረታ ፈቃድ የገዙት ይከተላሉ፣ የተረፈውን ማንም ይጠቀምበታል። በባሕር ዳርቻ የተተከሉ መሣሪያዎች ራዳሩን ሲሰሙ ማዕከላዊ የኮምፒውተር ሥርዓት ሌሎቹን ከቦታው ያነሳል። በሌላ በኩል የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ ቶማስ ማርዜታ በ2010 ያቀረበው ሐሳብ የ5ጂ ታወሮች በአሥሮች በሚቆጠሩ አንቴናዎች ሞገዱን ወደየስልኩ አነጣጥረው ያንኑ ብሎክ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲሰጡ አስችሏል። ኔትወርክን ቆራርሶ ለፋብሪካ፣ ለሆስፒታል ወይም ለከፈለ ደንበኛ የተለየ ድርሻ መያዝም በ5ጂ ተፈቅዷል። ይህ የመጨረሻው በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ለአንዱ የተያዘ ድርሻ ከሌላው ተራ የተቀነሰ ነውና።

ኢትዮጵያን ጨምሮ ገበያቸውን በቅርቡ የከፈቱ አገራት ለተቆጣጣሪዎቻቸው የሚሰጡት ሥራ እዚህ ላይ ነው። አምራቹ ቀመሩን እንዲያወጣ ማስገደድ ከባድ ነው፤ አስፈላጊም ላይሆን ይችላል። ውጤቱን መለካት ግን ይቻላል፤ መለኪያውም አለ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2017 ለ5ጂ ባወጣው መስፈርት፣ ጥቅጥቅ ባለ ከተማ ተጠቃሚው ማውረጃ 100፣ መላኪያ 50 ሜጋቢት በሰከንድ ማግኘት አለበት ሲል አማካዩን አላለም። ከመቶ ተጠቃሚ 95ቱ ከዚያ በላይ የሚያገኙበትን ነጥብ፣ ማለትም የመጨረሻዎቹን አምስት ሰዎች ድንበር ነው የወሰደው። ከላይ ባለው ምሳሌ አማካዩ 25 ሜጋቢት ነው ብሎ ማስታወቂያ መሥራት ይቻላል፤ የቆርቆሮ ቤቱ ሰው ግን የሚኖረው በ3 ነው። የየወረዳው የአምስት በመቶ ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ቢታተም የኩባንያዎቹ ፉክክር ከከተማ መሀል ወደ ሴሉ ዳር ይዞራል። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መትከል አያስፈልግም፤ ስልኮቹ የጥራት ነጥባቸውን፣ ታወሮቹም ለማን ስንት ብሎክ እንደሰጡ አሁንም በየደቂቃው እየመዘገቡ ነው።